በወረርሽኝ ጊዜ የስደተኞች ማቆያ ማንን ይከላከላል?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። የዛሬው ርዕስ ግን የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም ተብለው በሰው አገር የተያዙ ሰዎችን ጤና ይመለከታል። ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎችና የዲፕሎማቶች ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁንና እህትዎ ሪያድ፣ የአጎትዎ ልጅ ጂዛን ወይም የጎረቤትዎ ልጅ ቨርጂኒያ ካለ፣ በማቆያው ውስጥ የተነሳ በሽታ ለእርስዎም ቤት ቅርብ ነው። የተያዡ ቁጥርም ቀላል አይደለም። አሜሪካ በ2017 ዓ.ም ክረምት በኢሚግሬሽን ማቆያዎቿ የያዘቻቸው ሰዎች ከ60 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በየሳምንቱ በሚያወጣው መግለጫ የመኖሪያ፣ የሥራና የድንበር ሕግ ጥሰዋል ተብለው የሚያዙት ብዙውን ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ ናቸው፤ ድንበር ሲሻገሩ ከተያዙት መካከል ደግሞ የኢትዮጵያውያን ድርሻ ከፍተኛ ነው።

እንዲህ ያለ ብዛት ያለው ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ታጉሮ ባለበት ጊዜ ወረርሽኝ ቢነሳ ምን ይሆናል? መገመት አያስፈልገንም። በኮቪድ-19 ጊዜ የሆነው ተመዝግቦ ተቀምጧል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለ14 ቀናት ለይቶ ማቆያ እንዲገባ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን ግን ከሳዑዲ ማቆያዎች የወጡ ወገኖቻችንን የጫኑ አውሮፕላኖች ቦሌ ያርፉ ነበር። ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ገቡ። ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው የሸኙ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አልጋቸውን ለተመላሾች ለቀቁ። በኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪ የነበሩት ካትሪን ሶዚ፣ የጅምላ ተመላሽ ጉዞው ወረርሽኙን ሊያባብስ እንደሚችል አስጠንቅቀው ለጊዜው እንዲቆም ጠየቁ። ጥያቄው የስደተኞቹን ወደ አገር መመለስ የሚቃወም አልነበረም፤ ከታጨቀ ክፍል አውጥቶ ያለ ምርመራ አውሮፕላን ላይ መጫን አደገኛ ነው የሚል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ ብለን እንመልከት። ኮሮና ሲመጣ ሁላችንም የተማርነው «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ስም ነው። ስደተኞች የሚያዙበትንም ቦታ በጋዜጣ ቋንቋ «ማቆያ» እንለዋለን። ስሙ ስለሚመሳሰል ሥራውም የሚመሳሰል ይመስለናል፤ እንዲያውም «ስደተኛው ተይዞ መቆየቱ በሽታ እንዳያዛምት ይረዳል» ብለው የሚከራከሩ አሉ። በሕክምና ዓይን ሲታይ ግን ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ለይቶ ማቆያ የተጋለጠውን ካልተጋለጠው፣ የታመመውን ከጤነኛው ይለያል፤ የሚያበቃበት ቀንም አስቀድሞ ይታወቃል። የስደተኞች ማቆያ ግን ከተለያየ ከተማ፣ በተለያየ ቀን የተያዘውን ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ያደባልቃል። መውጫውን የሚወስነው የጉዞ ሰነድ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ወይም የአውሮፕላን ወንበር ነው። «ለይቶ» የሚለው ቃል የጎደለው ማቆያ ለተሕዋሲው ምቹ ቤት ነው።

እንዴት እንደሆነ በዝርዝር እንየው። ተደራራቢ አልጋዎች በአንድ እርምጃ ልዩነት ተደርድረዋል። መጸዳጃው፣ ገላ መታጠቢያውና የስልክ መቀበያው የጋራ ነው። መስኮት አይከፈትም፤ ወይም ጨርሶ የለም። ጠባቂው፣ ምግብ አብሳዩና ጽዳት ሠራተኛው ጠዋት ከቤተሰቡ መጥቶ ማታ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ ስለዚህ አጥሩ የሚያግደው ሰውን እንጂ ትንፋሽን አይደለም። የኮቪድ ምልክት እስኪታይ ከ2 እስከ 14 ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ በር ላይ ሙቀት መለካት ብቻውን ብዙ ተሸካሚዎችን ያሳልፋል። አንድ ክፍል በሙሉ «ኳራንቲን» ተብሎ ሲዘጋም፣ ክፍሉ ውስጥ አንድ አዲስ ታማሚ በተገኘ ቁጥር ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሰዎች 14 ቀን የተባሉት ወራት ይሆንባቸዋል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነገር አለ። በብዙ ማቆያዎች የታመመ ሰው የሚገለልበት ክፍል ለቅጣት የሚያገለግለው የብቻ ክፍል ነው። ሳል ጀመረኝ ያለ ሰው ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ስልክ ተከልክሎ፣ በአራት ግድግዳ መካከል ይቀራል። ይህን ያየ ሌላው ሳሉን ውጦ ይተኛል። እርስዎስ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? የበሽታ ቅኝት የሚጀምረው ታማሚው አፉን ሲከፍት ነው፤ አፍ የሚያዘጋ አሠራር ያለበት ቦታ ላይ የሚወጣ የታማሚ ቁጥር አይታመንም።

ይህ ሁሉ ከኮቪድ በፊትም ይታወቅ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ ከመስከረም 2018 እስከ ነሐሴ 2019 ባለው ጊዜ፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ19 ግዛቶች በሚገኙ 57 የስደተኞች ማቆያዎች ውስጥ 898 የጆሮ ደግፍ ታማሚዎችን መዝግቧል። በሠራተኞች ላይም 33 ታማሚዎች ተገኝተዋል። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ በሽታው የያዛቸው ከታሰሩ በኋላ ነበር። «ስደተኛው በሽታ ይዞ መጣ» የሚለው የተለመደ ወሬ እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ በሽታውን የሰጠው ማቆያው ነው። ያን ጊዜ መፍትሔ የሆነውም ክትባት ነበር፤ ከ25 ሺህ በላይ ክትባት ተሰጥቷል። በመጋቢት 2012 ኮቪድ ሲመጣ ግን ክትባት አልነበረም። ያለው አማራጭ ሰውን ማራራቅ ብቻ ነበር፤ በታጨቀ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማራራቅ ማለት የሰዉን ቁጥር መቀነስ ማለት ነው።

አሜሪካ በዚያን ጊዜ ያደረገችው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበር። መጋቢት 11 ቀን 2012 ዓ.ም ሲዲሲ በ1944 እ.ኤ.አ በወጣ አንድ የጤና ሕግ ላይ ተመሥርቶ «ታይትል 42» በመባል የሚታወቀውን ትዕዛዝ አወጣ። በየብስ ድንበር የሚመጡ ስደተኞች ጥገኝነት የመጠየቅ ዕድል ሳያገኙ ወዲያው እንዲመለሱ የሚያደርግ ነበር። የትዕዛዙ ምክንያት ምን ነበር ካሉ፣ ሰዎችን በድንበር ጣቢያዎች ውስጥ አፋፍጎ መያዝ ተሕዋሲውን ያዛምታል የሚል ነው። ይህ የጤና እውነት ነው። ታዲያ በዚያው ሳምንት በአገሪቱ ውስጥ ባሉ ማቆያዎች ወደ 38 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተፋፍገው ተይዘው ነበር። መፋፈጉ አደገኛ ነው የሚለው ሐሳብ ሰውን ለመመለስ ሲሆን ተሠራበት፤ ሰውን ለመልቀቅ ሲሆን ግን ጠበቆች ፍርድ ቤት መቆም ነበረባቸው። ትዕዛዙ እስከ ግንቦት 2015 ዓ.ም ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። የጤና አስቸኳይ ጊዜ አንዴ የድንበር ፖሊሲ መሣሪያ ከሆነ፣ ወረርሽኙ ቢቀዘቅዝም እርምጃው ቶሎ እንደማይነሳ ከዚህ እናያለን።

ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም በካሊፎርኒያ የፌዴራል ዳኛ፣ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ እንዲሁም የልብ፣ የሳንባ፣ የኩላሊት ሕመም፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና የመሳሰሉት ያሉባቸው ተያዦች በ10 ቀናት ውስጥ ተለይተው መቆየታቸው እንደገና እንዲመረመር አዘዙ። ትዕዛዙ በኋላ በይግባኝ ተሽሯል። እስከዚያው ግን ብዙ ሰዎች በስልክ ሪፖርት እያደረጉ ከቤታቸው ጉዳያቸውን እንዲከታተሉ ተደርጓል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት፤ በአሜሪካ ሕግ የኢሚግሬሽን እስር ቅጣት አይደለም። ሰውየው ለቀጠሮው ወይም ለጉዞው እንዲገኝ ብቻ የሚደረግ አስተዳደራዊ እርምጃ ነው። ቅጣት ያልተጣለበት ሰው በአስተዳደር ውሳኔ ለሞት አደጋ ሲጋለጥ ሐኪምም ዳኛም ዝም ሊል አይገባም ባይ ነኝ።

ከሁሉም የሚያስተምረው የፋርምቪል ታሪክ ይመስለኛል። ፋርምቪል ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ርቆ የሚገኝ አነስተኛ ከተማ ነው። በከተማዋ በግል ድርጅት የሚተዳደር የስደተኞች ማቆያ አለ። ግንቦት 25 ቀን 2012 ዓ.ም ከአሪዞናና ከፍሎሪዳ 74 ተያዦች በአውሮፕላን ተጭነው ወደዚያ ተዛወሩ። ከእነሱ መካከል 51 ሰዎች በኋላ ሲመረመሩ ኮቪድ ተገኘባቸው። በክረምቱ ውስጥ ከ300 በላይ ተያዦች ታመሙ፤ ይህ በማቆያው ከነበሩት ሰዎች አብዛኛው ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ሕይወታቸው አልፏል። በመጨረሻ የፌዴራል ዳኛ ወደ ማቆያው ሰው እንዳይዛወር አግደው፣ የሲዲሲ ባለሙያዎች ቦታውን እንዲፈትሹ አዘዙ።

ሰዎቹ ለምን ተዛወሩ? የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በሌሎች ማቆያዎች ያለውን መጨናነቅ ለማቃለል ነው ብሏል። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ግን በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ፣ በረራው የተዘጋጀው የጸጥታ ኃይል አባላትን በዋሽንግተን ወደነበረው ሰልፍ ለማድረስ እንደነበር፣ አውሮፕላኑ ሠራተኞችን ለመጫን ደግሞ ተያዦች አብረው መሳፈር ስለነበረባቸው እንደሆነ ገልጿል። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን የጤናው ትምህርት አንድ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ አንድን ሰው ከማቆያ ወደ ማቆያ ማዛወር የክብሪት እንጨት ከአንድ ክምር ድርቆሽ ወደ ሌላው ማሻገር ነው። የተዛወሩት አስቀድመው ቢመረመሩና ውጤታቸው እስኪታወቅ ለብቻ ቢቆዩ ኖሮ፣ በፋርምቪል ያ ሁሉ ሰው ባልታመመ ነበር።

ዝውውሩ ድንበር ሲሻገር ደግሞ የሚከተለውን ጓቴማላ ቀምሳዋለች። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም ከአሜሪካ የተባረሩ ሰዎችን ይዞ በገባ አንድ አውሮፕላን ውስጥ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ቫይረሱ እንደተገኘባቸው የጤና ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተናገሩ። ጓቴማላ በረራዎቹን ለጊዜው አቋረጠች። ከዚያ ወዲያ የሆነው ለእኛም አዲስ አይደለም፤ አንዳንድ መንደሮች ተመላሾችን አናስገባም አሉ። ሰውየው በሰው አገር «በሽታ ይዘህ ገባህ» ተብሎ ተባረረ፣ በገዛ አገሩም ያው ቃል ጠበቀው። በሰሜን የመን የነበሩ ወገኖቻችንም በዚያው ሚያዝያ የኮሮና ተሸካሚ ተብለው በሁቲ ኃይሎች በሺዎች ወደ ሳዑዲ ድንበር እንደተነዱ፣ የተረፉትም በደቡብ ሳዑዲ ማቆያዎች በሙቀትና በመጨናነቅ እንደተያዙ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2012 ባወጣው ሪፖርት መዝግቧል።

እዚህ ላይ ለሳዑዲ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም ንጉሥ ሳልማን የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ጨምሮ ማንኛውም ሰው የኮሮና ሕክምና በነፃ እንዲያገኝ አዘዋል። ይህ ብዙ ሀብታም አገሮች ያልደፈሩት ጥሩ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ነፃ ሕክምናው በአንድ እጅ ሲሰጥ በሌላው እጅ አፈሳና ማባረር ከቀጠለ፣ ወረቀት የሌላት የቤት ሠራተኛ ትኩሳት ቢይዛት ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች ወይስ ጓደኛዋ ቤት ትደበቃለች? ማሌዢያ ይህን በራሷ ላይ ሞክራ አይታዋለች። በመጋቢት ወር ባለሥልጣናቷ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ለምርመራ ሲመጡ እንደማይያዙ ቃል ገቡ። ሚያዝያ 23 ቀን ግን በዋና ከተማዋ ኳላላምፑር እንቅስቃሴ በታገደባቸው ሰፈሮች አፈሳ ተጀመረ፤ ሕፃናት ጭምር የሚገኙባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተወሰዱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ በቡኪት ጃሊል ማቆያ የበሽታው ክምችት መገኘቱ ተነገረ፤ ሰመኒህና ሴፓንግ ተከተሉ። በማቆያዎቹ የተያዙት ታማሚዎች በመቶዎች ተቆጠሩ።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ለምትሉ፣ ስፔን መጥቀስ የሚገባት አገር ናት። በስፔን ሕግ አንድ ሰው በስደተኞች ማቆያ ሊቆይ የሚችለው ከ60 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ዓላማውም ወደ አገሩ መመለስ ብቻ ነው። ወረርሽኙ በረራውን ሁሉ ሲያቆመው፣ የሚመለስ ሰው ስለሌለ ለመያዝም ምክንያት አልቀረም። አገሪቱ ሰዎቹን ቀስ በቀስ ወደ ዘመዶቻቸውና ወደ በጎ አድራጎት መጠለያዎች አወጣች። ሚያዝያ 28 ቀን 2012 ዓ.ም የስፔን ማቆያዎች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆኑ። በመስከረም 2013 ተመልሰው መከፈታቸው እውነት ነው። ቢሆንም በጣም አስጊ በነበሩት ወራት በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ሊታመም የሚችል ሰው አልነበረም። ጎረቤቷ ፖርቱጋል ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ያስገቡትን ሁሉ ለጊዜው እንደ ሕጋዊ ነዋሪ በመቁጠር ጤና ጣቢያ እንዲገለገሉ ፈቀደች።

እንግዲህ መንግሥታት ድንበራቸውን የመቆጣጠር መብት የላቸውም የሚል የለም። «ከማቆያ የተለቀቀው ሰው በሽታውን በከተማ አይዘራም ወይ?» የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው። መልሱ መርምሮ መልቀቅ፣ ያለበትን አድራሻ መዝግቦ በቤቱ ለይቶ ማቆየትና በስልክ መከታተል ነው። እኛም ብንሆን በመጋቢት 2012 መጨናነቅን ለመቀነስ ለ4 ሺህ 11 ታራሚዎች ይቅርታ ስናደርግ ይህንኑ መርህ ተከትለናል። ለተፈረደበት ሰው የተደረገው፣ ወንጀል ላልተፈረደበት ስደተኛ የማይደረግበት የጤና ምክንያት የለም።

ታዲያ ከቤትዎ ሆነው ምን ማድረግ ይችላሉ?

ዘመድዎ በውጭ አገር ማቆያ ከተያዘና የቆየ ሕመም ካለበት፣ የመጀመሪያው ሥራዎ ወረቀት መፈለግ ነው። ይታከምበት ከነበረው ሐኪም የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና መጠኑን የሚገልጽ፣ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ያጽፉ። ፎቶ አንስተው ለጠበቃው ወይም ጉዳዩን ለሚከታተልለት ሰው ይላኩ። በካሊፎርኒያው ትዕዛዝ እንዳየነው፣ ወረርሽኝ ሲነሳ ቅድሚያ የሚታዩት ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ ሕመሙ ግን በወረቀት ካልተረጋገጠ ማንም አይቆጥረውም። በተለይ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እንኳ መቋረጥ ስለሌለበት፣ ዘመድዎ በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ይህንኑ ለማቆያው ነርስ በቃልም በጽሑፍም እንዲናገር ይምከሩት። ሳል ወይም ትኩሳት ከጀመረውም እንዲደብቅ አይምከሩት፤ የተናገረበትን ቀንና የነገረውን ሰው እንዲያስታውስ ግን ይንገሩት።

በ1963 እ.ኤ.አ የወጣው የቪየና የቆንስላ ስምምነት የተያዘ ሰው ከፈለገ ቆንስላው እንዲነገርለት ይፈቅዳል። ይህ መብት ለሰነድም ለሕክምናም ይጠቅማል። ሆኖም ውሳኔው የተያዘው ሰው ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ለማን ምን እንደሚነገር አስቀድሞ ከጠበቃው ጋር ቢመክር ይሻላል፤ ቤተሰብ ሳይጠይቀው ኤምባሲ መደወል የለበትም።

ዘመድዎ ተመልሶ ቤት ከገባ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። እናቶች፣ ይህን በተለይ ልብ በሉ። ልጃችሁ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ሲገባ ዶሮ ወጥና ቅቤ የበዛበት ገንፎ ማቅረብ የሁላችንም ወግ ነው። ለሳምንታት በቂ ምግብ ያላገኘ ሰው ግን በአንዴ ከባድ ምግብ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉ ማዕድናት በድንገት ሊዛቡና ልቡን ሊጎዱት ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስላሳ እንጀራ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይስጡት። እግሩ ካበጠ፣ ልቡ ከመታ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከተዘባረቀ ሳትዘገዩ ሆስፒታል ውሰዱት። በጣም የከሳ ሰው ከሆነ ከምግቡ በፊት ጤና ባለሙያ ቢያየው ይመረጣል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ምርመራውም ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይወስዳል። ውጤቱ እስኪታወቅ በተለየ ክፍል ቢተኛ፣ መስኮት ቢከፈትና አፍና አፍንጫውን ቢሸፍን በቂ ነው። ዕቃ መለየትና አብሮ አለመብላት ልቡን ከመስበር በቀር ቲቢን አይከላከልም።

ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በወገብ ላይ የሚበረታ ማሳከክ ካለ እከክ ሊሆን ይችላል። በተጨናነቁ ማቆያዎች የተለመደ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። መድኃኒቱን ሐኪም ሲያዝ የሚያሳክካቸውም የማያሳክካቸውም የቤተሰብ አባላት በአንድ ቀን መቀባት አለባቸው፤ አለበለዚያ ሲዟዟር ይከርማል። አንሶላና ልብስ በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታና ትኩሳት አብረው ከታዩ ግን እከክ ነው ብላችሁ አትለፉት። የዝንጀሮ ፈንጣጣ በግንቦት 2017 በሞያሌ በኩል አገራችን መግባቱ የተረጋገጠ ሲሆን፣ በቆዳ ንክኪና በመኝታ ልብስ ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዩ ወደ 8335 ወይም 952 በነፃ ደውለው መረጃ መጠየቅ ይችላሉ።

እንቅልፍ ማጣት፣ በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ ከሰው መራቅም ከማቆያ በወጡ ሰዎች ላይ በተደጋጋሚ ይታያል። ጎረቤት ለእንኳን ደህና መጣህ ሲሰበሰብ «ስንት ይዘህ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ይህን ያባብሰዋል፤ ቤተሰብ አስቀድሞ ጎረቤቱን ቢመክር መልካም ነው። ምልክቱ ከአንድ ወር ካለፈ ወይም ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ፣ በአቅራቢያዎ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ያሳዩት። በመጀመሪያው ቀጠሮ አብሮት የሚሄድ አንድ የሚያምነው ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ወደ ሐኪም ሲሄድም የተያዘባቸውን ማቆያዎች፣ የቆየበትን ጊዜና የወሰዳቸውን ክትባቶች በአንድ ወረቀት ጽፎ ቢይዝ ሐኪሙ የትኛውን በሽታ አስቀድሞ መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።